አሚን የተባለበት ጥያቄ

ሰው ከመርፌና ከመድኃኒት የሚሸሸው ስላልተማረ ነው ይባላል። ሐሰት ነው። በዕድሜዬ ያየሁት ትልልቁ ሽሽት ሁሉ የጀመረው ከተማረ ሰው አፍ ነው፤ ያውም ከአካባቢው ሁሉ ብዙ ካነበበው። ያልተማረው ሰው በመጀመሪያ ይፈራል፣ ቀጥሎ ጎረቤቱ ሲሞክረው ያያል፣ ጎረቤቱ ካልሞተ እሱም ይሞክራል። ፍርሃቱን ተቀብሎ ክርክር የሚያደርግለት፣ መነሻና መደምደሚያ የሚያበጅለት ሌላ ሰው ነው። ይህን የምለው ትምህርትን ጠልቼ አይደለም። ቤቴ ውስጥ ከመጽሐፍ ሌላ ይህ ነው የሚባል ዕቃ የለም፤ እሱንም እስከ ዛሬ ሌባ አልተመኘልኝም። የምለው ትናንት ጎብዬ ላይ አንድ ድምፅ ስለሰማሁ ነው።

ከአስፋልቱ ዳር ካለች ሻይ ቤት ተቀምጬ ወደ ቆቦ የሚሄድ ሚኒባስ እጠብቅ ነበር። የገበያ ቀን ስለሆነ ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ባጃጁ፣ ጭነቱን ያራገፈ ግመል ሁሉ በአንድ መንገድ ይጋፋል። ከጎኔ ሦስት ሰዎች ዳቦ በሻይ እየነከሩ ይበላሉ። አንደኛው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና አንድ መልእክት ከፈተ። የሴት ድምፅ ነው።

«እኔ እናቴን በወባ መርጫ መርዝ ያጣሁ ሰው ነኝ» ይላል ድምፁ። «እናቴን ሲቀብሯት ገና አፌን አልፈታሁም ነበር። አሁን ደግሞ ልጄን በትምህርት ቤቷ ሊወጉብኝ ነው። የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ነው ይላሉ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ጥያቄ ብቻ ነው የምጠይቀው። ምንድን ነው ያለበት? ለምን ለሴት ልጆች ብቻ? ይኼን የሰማችሁ አሚን በሉና ለሌላው አስተላልፉ፤ አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን።»

«አሚን» አሉ ሦስቱም።

«የደረሰበት ሰው ሲናገር እንግዲህ ምን ትላለህ?» አለ ባለስልኩ።

«ምንም አትልም።»

«እኔ የእኔዋን ቤት ነው የማውላት። ሰኞ ነው አሉ መርፌው።»

ድምፁን አወቅሁት። የእህቴ ልጅ ሐያት ናት። መልእክቱን ቀደም ብላ በቤተሰባችን የቴሌግራም ቡድን ልካው ኖሯል። እኔ ያን ቡድን የምከፍተው ሰው ሲሞት ብቻ ነው፤ በየዓርቡ የሚላከውን የጽጌረዳ ሥዕል ዓይኔ አይችለውም። ስለዚህ አልሰማሁትም ነበር። አሁን ድምፁ ከቤተሰብ ወጥቶ፣ እሷን ከማያውቋት ሰዎች መሐል ጎብዬ ላይ ቁጭ ብሎ፣ በሌላ ሰው ልጅ ላይ ይፈርዳል።

የሐያት እናት ሰዓዳ ታላቅ እህቴ ነበረች። የመርጫ መርዝ አልገደላትም። የገደላት ቤቷ አለመረጨቱ ነው። እዚያው ስለነበርኩ አውቃለሁ።

ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት የምጠብቅ ጎረምሳ ነበርኩ። መንደራችን ከቆቦ ወደ ዞብል በሚወስደው የአቧራ መንገድ ላይ፣ ከሆርማት ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ነው። የቆላን መስከረም ላይ ላዩን የሚያይ ሰው ገነት ይመስለዋል። ማሽላው ከግመል ቁመት ይበልጣል። ጠዋት በማሳ መሐል ስታልፍ ጤዛው ሸሚዝህን ያበሰብሰዋል። ትልቁም ትንሹም በየመንገዱ ጥንቅሽ እየላጠ ጣፋጩን አገዳ ያኝካል፣ ምጣጩን ይተፋል። አመሻሽ ላይ ወፍ ከሚጠበቅበት ማማ ሁሉ የእሸት ጥብስ ሽታ ይመጣል። ችግሩ ጎርፉ ሲሄድ በየጉድጓዱ የሚተወው ውኃ ነው። ውኃው ቢምቢ ያፈላል፣ ቢምቢው ወባ ያመጣል። ሽማግሌዎቻችን ንዳድ ነው የሚሉት፤ ሰው የሚነድበት በሽታ ስለሆነ።

ሰዓዳ ከእኛ ቤት ትንሽ ራቅ ብላ ከባሏ ከእንድሪስና ከአማቷ ከአባ ሙሄ ጋር ትኖር ነበር። ምላሷ ስለታም ነው። መጽሐፍ ይዤ ካየችኝ «ሰይድ፣ እሱ መጽሐፍ ላም ማለብ ያስተምራል?» ትለኛለች። አያስተምርም ካልኳት «እንግዲያው ከፍተህ እንደያዝከው ና፣ ጥጃዋን ያዝልኝ» ትላለች። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በእርግዝናዋ ወራት ንዳድ ይዟት የሰባት ወር ፅንስ አስወርዷት ነበር። ወንድ ነበር። የወባ ሰዎች መጥተው የመንደሩን ግድግዳ ሁሉ ዲዲቲ የረጩት ከዚያ በኋላ ነው። ከረጩ ወዲያ በቀረው ወቅት ከቤቷ አንድም ሰው አላተኮሰውም። አሁን እንደገና ነፍሰ ጡር ናት። ክረምቱን ግድግዳው እንደ አዲስ በጭቃ ስለተመረገ የአምናው መድኃኒት ከጭቃው ሥር ተቀብሯል። ረጪዎቹ ሊመጡ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ሰዓዳ ቤቱ ሲረጭ ዕቃዋን የምታወጣበትን ቦታ ከወዲሁ ጠረገች።

እዚህ ላይ ለዚያኛው ወገንም እውነቱን ልስጠው። የአምናው ርጭት ጣጣ ነበረው። ከግድግዳ የረገፈውን በረሮና ሸረሪት የለቀሙ ዶሮዎች አልቀዋል፤ የሰዓዳም ዶሮዎች አብረው አልቀዋል። ትኋኑ ደግሞ በመሞት ፈንታ አበደ፤ ከየስንጥቁ ወጥቶ ሰውን እንቅልፍ ነሳው። አንዲት ሴት የረጪዎቹን አለቃ ስለ ዶሮዋ ብትጠይቀው «ዶሮሽ ትበልጣለች ልጅሽ?» ብሎ ሳቀባት። «እስኪደርቅ ድረስ ዶሮዎቻችሁን ዝጉባቸው» የምትል አጭር ቃል ብትነገር ኖሮ ምን ያህል ነገር ትመልስ እንደነበር ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል። ሰውዬው ሥራው መርጨት ብቻ መሰለው፤ መናገርም ሥራው መሆኑን ያስተማረው አልነበረም። መልስ ያላገኘ ሰው ጥያቄውን ይዞ ወደ ሌላ ይሄዳል። በእኛ መንደር ደግሞ ያ ሌላ ሰው ጋሼ ይመር ነበር።

ጋሼ ይመር የመንደራችን ልጅ ሆኖ ቆቦ ላይ በአቤቱታ ጸሐፊነት የሚተዳደር ሰው ነው። ከአንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ጠረጴዛና የጽሕፈት መኪና ዘርግቶ ይውላል። ሬዲዮ ከጆሮው አይለይም። ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር ዘርግቶ ያነባል። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይህን መጻፍ ይቀለኝ ነበር። ለመበለት ያለ ዋጋ ይጽፋል። ለእኔም የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያዋሰኝ እሱ ነው። ዕድሜ ልኩን የሠራው ሥራ ግን ለማንኛውም ጉዳይ፣ እውነት ይሁን አይሁን፣ የሚቆም ክርክር ማበጀት ነበር፤ እጁ እዚያ ላይ ሰልጥኗል።

በእኛ አገር ቅሬ የሚባለው ማኅበር ሬሳ ያነሳል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ ያጠፋ ይቀጣል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው። ከቅሬ የተሰረዘ ሰው ቤቱ ሞት ሲገባ ቃሬዛ የሚይዝለት አያገኝም፤ በቆላው ከዚህ የከበደ ቅጣት የለም። የቅሬው ስብሰባ ሲያበቃ ደግሞ ዱአ ይደረጋል። ዱአ የሚያደርገው ሽማግሌ በዕለቱ የተነሳውን ጉዳይ ሁሉ አንድ በአንድ እየጠራ ይለምንበታል፤ ሰዉ እንደየሃይማኖቱ አሚን ወይም አሜን ይላል። አሚን የተባለበት ነገር አለቀ ማለት ነው። እንደገና ያነሳው ሰው ዱአ አፍራሽ ይባላል፤ ያፈረሰውም ከቅሬ ይሰረዛል።

ረጪዎቹ ሊመጡ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ቅሬው ከወንዙ ዳር ካለ የቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ዱአ አድራጊው የሰዓዳ አማት አባ ሙሄ ነው። ከክረምቱ ጀምሮ አልጋ ይዞ ስለነበር ልጁ እንድሪስና ሌሎች ሰዎች ከነአልጋው ተሸክመው አመጡት። ያየው ሁሉ የመጨረሻው ዱአው ነው ብሎ አመነ። ንፍሮ ተበላ፣ የማያሰክር ቀሪቦ ተጠጣ። እኛ ጎረምሶቹ ከኋላ ተደርድረን ጥንቅሽ እናኝካለን። የግጦሽ ጠብ ተነስቶ ታየ። የከብት በሽታ ተነሳ። በመጨረሻ ጋሼ ይመር ጉሮሮውን ጠራርጎ ቆመ።

«እኔ ሐኪም አይደለሁም» ብሎ ጀመረ። «የቆምኩትም ልከለክል አይደለም። ጥያቄ አለኝ። አምና የተረጨው ነገር ዶሮ ገድሏል አልገደለም?»

«ገድሏል!»

«ትኋን ቀነሰ ጨመረ?»

«ኧረ ጨመረ! በላን እኮ!» ሳቅ ሆነ።

«መልካም። እንግዲህ በሬዲዮ የሰማሁትን ልንገራችሁ። ፈረንጆቹ ይህን መድኃኒት በአገራቸው ከልክለውታል። ፈረንጅ ለልጁ ያልፈለገውን ለእኛ ልጅ ለምን ይልካል? ዶሮ የገደለ ነገር ነፍሰ ጡር ላይ ምን ያደርጋል? አላውቅም። እጠይቃለሁ። መጠየቅ ወንጀል ከሆነ እሰሩኝ።»

ከብዙ ዓመት በኋላ ስለዚያ መድኃኒት ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ከልክለውታል ማለቱ ልክ ነበር። የከለከሉት እርሻ ላይ በገፍ መርጨቱን ነው፤ አፈሩና ወፉ ላይ እየቆየ ስላስቸገረ። ወባ ባለበት አገር የቤት ግድግዳ ላይ መርጨቱ ግን እንደተፈቀደ ቀጥሏል። ጋሼ ይመር የሰማው የዜናውን የመጀመሪያ ግማሽ ነው። ምናልባት የሬዲዮው ባትሪ አልቆ ይሆናል።

አንድ ገበሬ ከመሐል ብድግ ብሎ «ንዳዱስ ጋሼ ይመር? ከተረጨ ወዲያ ጋብ ብሎ የለም ወይ?» አለ።

ጋሼ ይመር ቅር አላለውም። «ጥሩ ጠየቅህ» አለ። «ዝናቡ ቶሎ ስለወጣ ይሆናል። እሱንም እንጠይቅ።»

ገበሬው ተቀመጠ። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ለሞቱት ዶሮዎች ተጠያቂው ርጭቱ፣ ላልሞቱት ሰዎች ተመስጋኙ ዝናቡ። ይህን ሚዛን ከዚያ ወዲህ በስንት ከተማ፣ በስንት ሱፍ በለበሰ ሰው እጅ ላይ አይቼዋለሁ።

አባ ሙሄን ከአልጋው ቀና አደረጉት። ድምፁ ደክሟል፤ ሰዉ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ያዳምጠዋል። «ያ ረቢ፣ የግጦሹን ጠብ አብርድልን።» «አሚን!» «ከብቱን ከበሽታ ጠብቅልን።» «አሚን!» ትንሽ አረፈና «ዶሮአችንን ከፈጀው፣ ፈረንጅ ለልጁ ካልወደደው መርዝ ነፍሰ ጡሮቻችንን ጠብቅልን፤ ደጃችንን አታስረግጠው» አለ። «አሚን! አሜን!» ወፉ ሁሉ ከማሽላው ላይ ተነሳ።

ጋሼ ይመር ከጥቂት ደቂቃ በፊት አላውቅም ያለው ነገር የታወቀ ሆነ። «ምን ያደርጋል?» የተባለው ጥያቄ «ከሚያደርገው ጠብቀን» ሆነ። እኔ አሚን አላልኩም፤ አፌ በጥንቅሽ ተሞልቶ ነበር። ይህን ከማስተዋል አትቁጠሩልኝ።

ሰዓዳ ነገሩን ከባሏ ስትሰማ ሳቀች አሉ። «እኔን ለመጠበቅ ነው?» አለችው። በማግሥቱ ግን ሐያትን አዝላ፣ ያን ሁሉ ሆድ ይዛ፣ እኔን አስከትላ በእግሯ ቆቦ ወረደች። አህያ ላይ ተቀመጪ ብላት «አህያዋም አሚን ብላ እንደሆን በምን አውቃለሁ?» አለችኝ። ጋሼ ይመር ከጥላው ሥር ሆኖ የጽሕፈት መኪናውን ይቀጠቅጣል። ሲያየን ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀላት።

«ጋሼ ይመር፣ አንቱ ጥያቄ ነው ያሉት አሉ» አለችው ከመቀመጧ። «መልሱን ማን ነው የሚመልሰው?»

«እኔ ምን አውቄ እታለም? ጠየቅሁ እንጂ።»

«እንግዲያው ይምጡና አልከለከልኩም፣ ጠየቅሁ እንጂ ይበሉልኝ። ዶሮዎቼ ሞተዋል፤ ልጄም ሞቷል። ሁለቱን አስተያይቼ ነው የመጣሁ።»

መነጽሩን አውልቆ በኮቱ ጫፍ ጠረገ። የጠራ ብርጭቆ ነበር፤ ቢሆንም ጠረገው። «ዱአ ተደርጎበታል እኮ። ቅሬው የዘጋውን እኔ ልክፈተው? እኔ አንድ ሰው ነኝ።»

«ሲጠይቁም አንድ ሰው ነበሩ።»

ሻይ አዘዘልን። ጠጣንና ተመለስን።

የዚያን ዕለት ለአማቷ ወተት ስታቀርብለት እግሩ ሥር ተቀመጠች። «አባ፣ ያን ዱአ ይመልሱልኝ።»

አባ ሙሄ ይወዳታል። ወተቱን አስቀመጠው። «ዱአ የአድራጊው አይደለም ልጄ። የተባለውን ወደ አላህ አደረስኩ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፤ የተማረው ይመር ነው።»

«ይመር ደግሞ አንቱ ነዎት ይላል።»

«እንግዲያው አሚን ያሉትን ጠይቂ።»

ጠየቀቻቸው። በየማሳው ዞራ፣ በየማማው እግር ሥር ቆማ፣ አንገቷን ወደ ላይ አቅንታ ጠየቀቻቸው። ሁሉም የሰጣት መልስ አንድ ነው፤ የአባ ሙሄን የመጨረሻ ዱአ ማን ያፈርሳል? አንዱ የተጠበሰ እሸት ሰጣት። አንዱ ደግሞ «ለአንቺው ብለን እኮ ነው» አላት። እስከ ዛሬ በየመጽሐፉ ስፈልገው የኖርኩትን ነገር ያን ጊዜ በአንድ ቀን አየሁት። አንድ ውሸታም ቢኖር ውሸታሙን እንከሰው ነበር። ውሸታም አልነበረም። የጠየቀው አልወሰነም፣ የለመነው አልጠየቀም፣ አሚን ያለው አልለመነም። ቃሉ ባለቤት የለውም፤ ግን ደጃፍ ላይ ቆሞ ሰው ይመልሳል።

ረጪዎቹ መርጫቸውን አዝለው ሲመጡ የመንደሩ በር ሁሉ ተዘግቶ ጠበቃቸው። የሰዓዳ ብቻ ክፍት ነበር። ሰሌኑን፣ ቁርበቱን፣ አቁማዳውን፣ የአባ ሙሄን አልጋ ሳይቀር ከነሰውዬው ጥላ ሥር አውጥተናል። ከፊሉን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። አለቃቸው ደጃፉ ላይ ደርሶ ቧንቧውን ሲያቀና እንድሪስ ከማሳው እየሮጠ መጣ።

«ሰዓዳ፣ ዕቃውን አስገቢ።»

«ይረጭና አስገባዋለሁ።»

«ይሰርዙኛል እኮ! አባቴ ይኸው ዛሬ ነገ የሚባል ሰው ነው። ማን ያወጣልኛል? አንቺ ትሸከሚዋለሽ?»

«እኔንስ? እኔን ማን ያወጣኛል?»

«ቅሬው ነዋ!» አለ እንድሪስ። ምን እንዳለ የገባው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ፤ ከበሩ ግን አልተነሳም።

አለቃው በሁለቱ መሐል ቆሞ ሰዓቱን አየ። «ቶሎ በሉ፣ ፀሐይ ሄደብን። ለእኛ ነው እንዴ የምንለፋው? ድሮስ ከእናንተ ምን ይጠበቃል!» ብሎ ቧንቧውን አራገፈው። ጥቂት ጠብታ ደጃፉ አፈር ላይ ወደቀ። ሄዱ። በማግሥቱ ወደ ዋጃ ተሻገሩ አሉ። ዕቃውን እኔና ሰዓዳ መልሰን አስገባነው። የምታሾፍበት ነገር ሲያልቅባት ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

እንድሪስን ፈሪ የሚለው ብዙ ነው። እኔ አልለውም። በቆላ አባቱን መቅበር ያልቻለ ሰው ምን ሆኖ እንደሚኖር አይቻለሁ። ሁለት ሞት ፊቱ ቆመው ነበር፤ አንደኛው አልጋ ላይ ተኝቶ ይታያል፣ ሁለተኛው አይታይም። የሚታየውን ፈራ።

ማሽላው ቀልቶ ለአጨዳ ሲደርስ ሰዓዳ በዚያ ፀሐይ ብርድ ብርድ አለኝ አለች። ክኒን ከቆቦ አመጣሁላት፤ ዋጠችው፣ አስመለሳት። እንደገና ሞከረች። ሲነጋ ሰው መለየት ጀምራ ትተወዋለች፣ ሐያትን በሟች እናታችን ስም ትጠራታለች። ጎረቤቱ ማጭዱን ጥሎ መጣ። በቃሬዛ አንስተናት የአቧራውን መንገድ ስንወርድ፣ የተሰበረ አገዳ እግራችን ሥር ሲንኳኳ፣ ዓይኗን ገለጠች።

«ሰይድ፣ ማን ማን ነው የተሸከመኝ?»

«ቅሬው ነው።»

«እንግዲህ አልተሰረዝንም» አለች። ፈገግ ያለች መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ የሚሰማ ቃል አልተናገረችም።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ያሉት ሁሉ ተረባረቡላት። መድኃኒት ነበራቸው። እሷ ግን ጊዜዋን መንገድ ላይ ጨርሳዋለች። ፅንሱም አብሯት ሄደ።

ቀብሯ ላይ ያልመጣ ሰው አልነበረም። ቅሬው ሥራውን አንድም ሳያጎድል ሠራ፤ መቃብሩ በጊዜ ተቆፈረ፣ ለለቅሶተኛው ዳስ ተጣለ፣ እህልና ውኃ ቀረበ። ጋሼ ይመር ከቆቦ መጥቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ዕንባው እውነተኛ ነበር። ዳሱ ውስጥ ግን ሰው እንደተቀመጠ አንድ ድምፅ «ረጪው እኮ ደጃፏ ላይ አንጠባጥቦት ነበር» አለ። ማን እንዳለው አላየሁም። «እኔም አይቻለሁ» አለ ሌላ። «ነፍሰ ጡር ናት፣ ሽታው ምን ያደርጋት?» «ግማሽ ቤቷን ረጭተውት ነበር አሉ።» ለቅሶው ሳይነሳ ቤቷ ሙሉ በሙሉ ተረጭቶ አረፈ።

«አልተረጨም!» ብዬ ጮህኩ። «ዕቃውን መልሼ ያስገባሁት እኔ ነኝ!»

አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ያዘኝ። «ሐዘን ነው ልጄ» አለኝ በርኅራኄ። «ሐዘን ያናግራል። ተቀመጥ።»

ጋሼ ይመር ራሱን ነቀነቀና «ይህንኑ ፈርቼ ነበር» አለ። ጥያቄው መልስ አገኘ። መልሱ እህቴ ሆነች።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት መንደራችን ረጪ አላስገባም፤ ምክንያቱን ለሚጠይቅ ሰው ሰዓዳ ትጠቀስለታለች። አባ ሙሄ ደግሞ ዳነ። ከአልጋው ተነስቶ፣ ሌላ ስንት ስብሰባ መርቆ፣ በእናቷ ናፍቆት የምታለቅስ የልጅ ልጁን ጭኑ ላይ እያስቀመጠ «እናትሽን መርዝ ነው የበላት» እያለ አሳደጋት። አልዋሸም። የሰማውን ነው የነገራት። እኔ ውጤት መጥቶልኝ ለትምህርት ከመንደር ወጣሁ፤ በየክረምቱ ስመለስ የማወራው እንደ ሐዘንተኛ ወሬ ተቆጠረብኝ፤ የእነሱ ግን የመንደር ታሪክ ሆኖ ቆየኝ።

ቆቦ እንደደረስኩ ለሐያት ደወልኩላት።

«አጎቴ! ሰማኸው?» አለች። ድምፅዋ እንደ እናቷ ነው፤ ሁልጊዜ ያስደነግጠኛል።

«ጎብዬ ሻይ ቤት ሰማሁት።»

«እዚያ ድረስ ሄደ? አልሐምዱሊላህ።»

ሁሉንም ነገርኳት። ቁርቁራውን፣ የጋሼ ይመርን ሻይ፣ ማማዎቹን፣ ደጃፉን፣ ቃሬዛውን። አንዴም አላቋረጠችኝም። ከኋላዋ ልጅቷ የደንብ ልብሷ የት እንዳለ ትጠይቃለች።

«አባባ ሙሄ ዋሽቶኛል ነው የምትለኝ?» አለች በመጨረሻ።

«አልዋሸም። እሱም የነገሩትን ነው የነገረሽ።»

የደንብ ልብሱ ያለበትን ለልጅቷ ነገረቻት። ቀጥላ ያለችው ነገር ግን ከዚያ ከአባቷ ደጃፍ ተነስቶ የመጣ ያህል ሆነብኝ። «አጎቴ፣ ስንቱ ሰው አሚን ብሎበታል እኮ። አሁን ተሳስቻለሁ ብዬ ብመለስ ምን እባላለሁ? ማን ያዋራኛል?»

«ልጅቷስ?»

«ሰኞ ገና ነው» አለችና ዘጋችው።

ተቆጥቼ አይደለም ይህን የምጽፈው። ተቆጥቼስ ቢሆን? ሐያት ሐሳቧን ብትለውጥ የራሷ ልጅ ትወጋለች፤ ለእሷ ተስፋ አልቆረጥኩም፤ የሰዓዳ ደም አለባት። የጎብዬው ሰው ግን ስሙን አላውቀውም። ልጁን ሰኞ ቤት ያውላታል። ሐያት ብትመለስ እሱ አይሰማም፤ መመለሷን የሚያደርስለት አሚን የለም። መልእክቱ ከእሷ እጅ ወጥቶ አሚን ያለው ሰው ሁሉ ንብረት ሆኗል፤ አባ ሙሄ ቢያንስ በዚህ ልክ ነበር። ስለዚህ ወደ እሷ መጮሁን ትቼ ወደ እናንተ ዞሬአለሁ፤ ከእናንተ መሐል አሚን ያላችሁ ትኖራላችሁና።

ስልካችሁን አውጡ። ምን እንደሆነ ሳታውቁ አሚን ያላችሁበትን መልእክት ፈልጉ። ለማን እንዳሳለፋችሁት እዩ። ደውሉለትና «ያን መልእክት ስልክልህ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም ነበር» በሉት። አሁን፣ ከሰኞ በፊት።